ጥጃዋን ሲያስቀምጣት፦ መርፌ፣ ለምለም ወይስ የደም ሥር ፈሳሽ? ለሐዋሳ ከብት አርቢዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ከሰኔ እስከ መስከረም ማለዳ ላይ የሚጮኸው ስልኬ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ወሬ ነው የሚያመጣው፦ «ዶክተር፣ ጥጃዋን አስቀመጣት፤ መርፌ ይዘው ይምጡ።» ደዋዩ ከታቦር ይሁን ከቱላ፣ አንዲት ላም ያለው ይሁን ሃያ፣ ምርጫውን ጨርሶ ነው የሚደውለው። ባለፈው ክረምት ታቦር ውስጥ አንድ ግቢ ስገባ የስምንት ቀን ጥጃ ጭቃው ላይ አንገቷን አጥፋ ተኝታ ነበር። ንጹሕ ውሃ፣ ጨውና ግሉኮስ እንዲያቀርቡልኝ ስጠይቅ የቤቱ እመቤት ቅር አላቸው። «ልጄ፣ ውሃማ እኔም አለኝ፤ የጠራሁህ ለመርፌው ነው» አሉኝ። ልጆቻቸው ሕፃናት ሳሉ ተቅማጥ ሲይዛቸው ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ለምለም በጥብጬ አጠጣለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አሉና ዝም ብለው ጥጃዋን ተመለከቱ።

ጥጃም ሆነ ሕፃን በተቅማጥ ሲሞት ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም እናት የሚያውቀው ነገር በረት ደጃፍ ላይ ሲደርስ መረሳቱ ያሳዝነኛል፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለምና። ቢሾፍቱ ዙሪያ በአድአ ሊበን ወረዳ፣ በአነስተኛ የወተት ላም አርቢዎች ዘንድ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የጥጆችን የመታመም መጠን 62 ከመቶ፣ የሞት መጠናቸውን 22 ከመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ከበሽታዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ተቅማጥ ነበር፤ 39 ከመቶ። በዚያ ጥናት ውስጥ የተገለጹት ግቢዎች ሐዋሳ ውስጥ በየቀኑ ከምገባባቸው ግቢዎች ብዙም አይለዩም።

ስለዚህ አንድ አርቢ ፊቱ የሚደቀኑትን ምርጫዎች እያነጻጸርሁ፣ እኔ የቱን በምን ጊዜ እንደምመርጥ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቀኗን ቁጠሩ

መድኃኒት ከመምረጣችሁ በፊት ጥጃዋ የተወለደችበትን ቀን እወቁ። በረቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ብትጽፉት ይበቃል። የጥጃን ተቅማጥ የሚያመጡት ተሕዋስያን እንደ እንግዳ ተራ ጠብቀው የሚመጡ ናቸው፤ የትኛው እንደመጣ ለመገመት ከሰገራው ቀለም ይልቅ ዕድሜዋ ይበልጥ ይረዳል።

በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ውስጥ እንደ ውሃ የሚፈስ ተቅማጥ ከያዛት ቀዳሚው ተጠርጣሪ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ዝርያ አንጀት ላይ የሚጣበቅበት ኤፍ 5 የሚባል (ቀድሞ ኬ 99 ይባል የነበረ) መያዣ አለው። ጥጃዋ ጥቂት ቀን ስታድግ ግን አንጀቷ ላይ የሚጣበቅበት ቦታ ይጠፋል። ለዚህ ነው በሁለተኛ ሳምንቷ ላይ ያለችን ጥጃ «ኢ. ኮላይ ነው» ብሎ መውጋት እምብዛም ትርጉም የሌለው። ይህ በሽታ ፈጣን ነው፤ ማታ ደህና የነበረች ጥጃ ጠዋት ሞታ ልትገኝ ትችላለች።

ከአምስተኛው ቀን እስከ ሦስተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ የሮታ ቫይረስ፣ የኮሮና ቫይረስና የክሪፕቶስፖሪዲየም ነው። የከብቱ ኮሮና ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ኮቪድ 19ን ካመጣው የተለየ ነው። ሮታ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ በተቅማጥ በታመሙ ጥጆች ላይ ታወቀ፤ የሰው ሕፃናትን የሚያጠቃው ዘመዱ አውስትራሊያ ሜልቦርን ውስጥ የተገኘው ከዚያ በኋላ በ1973 ነው። ጥጃ ለሕፃን መንገድ የከፈተችበት ታሪክ ስለሆነ ሁልጊዜ ደስ እያለኝ አወራዋለሁ። ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን ቫይረስም ባክቴሪያም አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው።

ከሦስት ሳምንት በላይ የሆናት ጥጃ እያማጠች ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ካወጣች ኮክሲዲያን፣ አንጀት የሚያቆስለውን ጥገኛ ተሕዋስ፣ አስቡ። ኮክሲዲያ ከተዋጠ በኋላ ራሱን እስኪገልጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት የአሥር ቀን ጥጃ ላይ ደም ብታዩ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ተራ አይጠብቅም፤ ትኩሳት፣ ደምና መጥፎ ጠረን ይዞ ይመጣል፣ ሰውንም ይይዛል።

ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ አብረው ይገኛሉ። ቀን መቁጠር ፍርድ አይሰጥም፤ ግምታችሁን ግን ያጠብባል።

መርፌ ወይስ ፈሳሽ?

መርፌ ሲባል በከተማችን አብዛኛውን ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ማለት ነው። እነዚህ አንቲባዮቲኮች ባክቴሪያን ነው የሚገድሉት። ሮታና ኮሮና ቫይረስ ላይም ሆነ ክሪፕቶስፖሪዲየም ላይ ኃይል የላቸውም። ከላይ ያለውን የቀን ቆጠራ መለስ ብላችሁ ብትመለከቱት፣ ተቅማጥ በብዛት የሚታይበት ሁለተኛው ሳምንት መርፌው ከማይነካቸው ሦስት ተሕዋስያን እጅ ያለ ነው። መርፌ ተወግታ የዳነች ጥጃ ብዙውን ጊዜ የምትድነው የአንጀቷ ግድግዳ በራሱ ጊዜ ስለታደሰ ነው። ምስጋናውን ግን መርፌው ይወስደዋል፣ የሚቀጥለውም ዓመት ስልክ «መርፌ ይዘው ይምጡ» ይሆናል።

ከመርፌም የባሰ አለ። የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ከወተት ጋር ማጠጣት በብዙ ግቢ የተለመደ ነው። በአፍ የሚሰጥ ቴትራሳይክሊን ራሱ የትንሽ ጥጃን አንጀት ጎድቶ ምግብ እንዳይመጥ ሊያደርግና ተቅማጡን ሊያራዝም ይችላል። በዚያ ላይ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ ነገ ልጃችን በዚያው ተሕዋስ ሲታመም መድኃኒቱ አይሠራም። ይህን ልማድ እንድትተዉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ይህ ማለት አንቲባዮቲክ በጭራሽ አያስፈልግም ማለት አይደለም። እኔ የምወጋው ከነዚህ አንዱን ሳይ ነው፦ ቴርሞሜትሩ ከ39.5 ዲግሪ በላይ ካሳየ፣ ሰገራው ውስጥ ደም ካለ፣ ጡት አልጠባም ካለች ወይም ፈዝዛ ከተኛች። እንዲህ ባለ ጊዜ ባክቴሪያው ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል መዘግየት አይገባም። ኮክሲዲያ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ሰልፋ ወይም አምፕሮሊየም ነው፤ መጠኑም በክብደቷ ልክ ይወሰናል። ጭራዋን እየወዘወዘች የምትጠባ፣ ትኩሳት የሌላት፣ የሚያስቀምጣት ብቻ ጥጃ ግን መርፌ አያስፈልጋትም። ፈሳሹ ግን ከሁለቱም ዓይነት አይቀርም፤ የምትወጋዋም የማትወጋዋም መጠጣት አለባት።

የትኛው ፈሳሽ?

የ30 ኪሎ ጥጃ ከክብደቷ 5 ከመቶ ያህል፣ ማለትም አንድ ሊትር ተኩል ውሃ እስክታጣ ድረስ ምልክቱ በዓይን አይታይም። ዓይኗ ጎድጎድ ማለት ከጀመረ፣ የአንገቷ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ከዚያ አልፋለች። ወደ 15 ከመቶ ሲጠጋ ትሞታለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለ30 ኪሎ ጥጃ ሦስት ሊትር ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ በአንድ ቀን ልታጣው ትችላለች።

ለምለም በየፋርማሲው ስለሚገኝ ሌሊትም ቢሆን ይደረስበታል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። የተዘጋጀው ግን ለሰው ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በአንድ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየም ሲኖረው ለጥጃ የሚመከረው ከ90 እስከ 130 ነው። የደሟን አሲድ የሚያረክሰው ንጥረ ነገርም ለጥጃ ያንሳል። ስለዚህ ለምለም ለጀማሪ ተቅማጥ፣ ቆማ ለምትጠባ ጥጃ፣ ሌላ እስኪገኝ ድረስ ጥሩ ነው። ለምትንገዳገድ ጥጃ አይበቃም።

ስኳርና ጨው በጥብጦ ማጠጣት ለሕፃን ስለሚሠራ ብዙ ሰው በቅን ልቡና ለጥጃም ያደርገዋል። ይህ ስሕተት ነው። ትንሽ ጥጃ የገበያውን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም አንጀቷ ውስጥ የላትም። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ጥጃ የምትጠቀምበት ግሉኮስን ነው። ሮበርት ክሬን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳስረዳው፣ ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ የሚያልፈው ሶዲየምን አስከትሎ ነው፤ ሶዲየም ሲያልፍ ደግሞ ውሃ ይከተለዋል። ለምለምም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ቤት ውስጥ ተመዝኖ የሚዘጋጀው ነው። ፈልቶ ለብ ባለ ሁለት ሊትር ውሃ ውስጥ 7 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ቤኪንግ ሶዳና 40 ግራም ንጹሕ የግሉኮስ ዱቄት ታሟሟላችሁ። ፖታሲየም ክሎራይድ ካገኛችሁ 3 ግራም ጨምሩ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ ያወጣው ቀመር ነው፤ ሶዲየሙም 90 ይደርሳል። መጠኑን በግምት አታድርጉት፤ ጨው የበዛበት ፈሳሽ ራሱ ጥጃ ይገድላል። ትንሽ ሚዛን ከሌላችሁ አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ 5 ግራም ገደማ እንደሆነ አስታውሱ። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አትቀይሩት። ለጥጃ ተብሎ የታሸገ ዱቄት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ካገኛችሁና ጊዜው ያላለፈበት ከሆነ እሱ ይበልጣል፤ በተለይ አሲቴት ያለበት ከወተት ጋር አይጋጭም።

ጠዋት ሁለት ሊትር፣ ማታ ሁለት ሊትር በጡጦ አጠጧት። የሚፈሰው ከበዛ ሦስተኛ ዙር ጨምሩ። አልጠባም ካለች አፏን ከፍቶ በጠርሙስ መጋት ሳንባዋ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቱቦ መስደድ የሚችል ባለሙያ ጥሩ።

ወተቱስ?

አሮጌው ምክር «ወተቱን አቁሙ፣ አንጀቷ ይረፍ» የሚል ነበር፤ እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ ሰምቼዋለሁ። ምርምሩ ከዚህ ተለይቷል። የጨውና የግሉኮስ ፈሳሽ ውሃዋን ይመልሳል እንጂ አያጠግባትም፤ ሁለት ቀን ወተት የተከለከለች ጥጃ በረሃብ ትከሳለች። የተጎዳው አንጀት ራሱን የሚያድሰውም ምግብ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ወተቱ ይቀጥል፣ ፈሳሹ በመካከል ይግባ። ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ፈሳሽ ወተት ሆድ ውስጥ እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት አድርጉ።

በደም ሥር የሚሰጠው መቼ ነው?

አንዳንድ አርቢ ገንዘብ ስለከፈለበት ብቻ ቆማ የምትጠባ ጥጃ ላይ ጉሉኮስ እንድሰቅል ይጠይቀኛል። አያስፈልግም፤ አንጀቷ እየሠራ ከሆነ በአፍ የሚሰጠው ይበልጣል፣ ይረክሳልም። መቆም ያቃታት፣ አፏ ውስጥ ጣት ስታስገቡ የማትጠባና ምላሷ የቀዘቀዘ ጥጃ ግን በአፍ የሚሰጣት አይደርስላትም። እሷ ሪንገር ላክቴት ወይም ቢካርቦኔት በደም ሥር ያስፈልጋታል፤ ከዚያም በፊት መሞቅ አለባት። ፎጣ፣ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ፣ ደረቅ ጭድ።

አንድ የሚያታልል ምልክት አለ። ከሳምንት በላይ የሆናት ጥጃ ዓይኗ ብዙ ሳይጎደጉድ እንደ ሰካራም ብትንገዳገድ፣ ዋናው ችግር የውሃ እጥረት ሳይሆን የደሟ አሲድ መብዛት ነው። ዓይኗን ብቻ አይታችሁ «ደህና ናት» እንዳትሉ። እንዲህ ያለችውን ጥጃ በባጃጅም ጭናችሁ ቢሆን ወደ ክሊኒክ አምጧት።

ሰገራውን ማስመርመር

አንዲት ጥጃ ብቻ ከታመመች የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ወይ ድናለች ወይ ሞታለች፤ ሕክምናውንም ብዙ አይለውጠውም። በአንድ ሳምንት ሦስት ጥጃ ከወደቀባችሁ ግን አስመርምሩ። አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት፣ መሬት ከነካው ሳይሆን በቀጥታ ከፊንጢጣ የተወሰደ ሰገራ በንጹሕ ዕቃ፣ በበረዶ ተይዞ፣ በዚያው ቀን ይድረስ። የኮክሲዲያ እንቁላልም ሆነ ክሪፕቶስፖሪዲየም በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ለሁለተኛው የሚያገለግለው የማቅለም ዘዴ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚሠራበት ዓይነት ነው። እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ አለ፣ ሶዶ የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ቫይረስ ለመለየት ግን ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መላክ ያስፈልግ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ጥጃ፦ እንገር ወይስ ክትባት?

የላም እንግዴ ልጅ የበሽታ መከላከያን ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ጥጃ ባዶ እጇን ነው የምትወለደው፤ ያላት ሁሉ ከእንገሩ ነው። አንጀቷም መከላከያውን እንዳለ የሚያሳልፍበት በር ከስድስት ሰዓት በኋላ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ይዘጋል። ይህን ሳውቅ እንገር የሚደፋበትን ወይም ለቤተሰብ የሚቀቀልበትን ቤት ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ጥጃዋ ራሷ ብትጠባ ወይስ በጡጦ ይሰጣት? ብርቱ የሀገር ጥጃ ከእናቷ ብትጠባ ብዙ ጊዜ ይበቃታል። የፈረንጅ ዲቃላ ከሆነች፣ የእናቷ ጡት ትልቅና ወደ መሬት የወረደ ከሆነ ወይም ጥጃዋ ለመቆም ከዘገየች ግን ምን ያህል እንደጠባች ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለዲቃላ ጥጃ ጡጦን እመርጣለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ የክብደቷን አንድ አሥረኛ፣ ለ30 ኪሎ ጥጃ ሦስት ሊትር። የእንገሩን ጥራት በእጅ በሚያዝ የስኳር መለኪያ መነጽር ማወቅ ይቻላል፤ 22 ከመቶና ከዚያ በላይ ካነበበ ጥሩ ነው። ከጥሩ ላም የተረፈውን በአንድ ሊትር ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት። ስታሟሙት ለብ ባለ ውሃ ይሁን፤ የፈላ ውሃ መከላከያውን ያበላሸዋል።

ክትባት አለ፤ ለሮታ፣ ለኮሮናና ለኢ. ኮላይ ተብሎ የሚከተበው ጥጃዋ ሳትሆን እናቷ ናት፣ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት። የሚሠራው ግን በእንገሩ በኩል ነው። ላሚቱን አስከትቦ እንገሩን ጥጃዋ ከተወለደች ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ሰው ከገንዘቡ ብዙውን ጥሎታል። ሁለት ሦስት ላም ላለው ሰው መጀመሪያ ጡጦና ማቀዝቀዣ፣ ቀጥሎ ክትባት እላለሁ። ሃያ ላም ካላችሁና በየዓመቱ በሁለተኛው ሳምንት ጥጃ የሚሞትባችሁ ከሆነ፣ ቅዝቃዜው ተጠብቆ የመጣ ክትባት ማግኘት ከቻላችሁ አትለፉት።

በረቱን በተመለከተ፣ በረኪና ኢ. ኮላይንና ሳልሞኔላን ይገድላል፤ ያውም እበቱ ተጠርጎ ከታጠበ በኋላ ከሆነ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየምን ግን በረኪና አይነካውም። እሱን የሚገድለው ድርቀትና የፈላ ውሃ ነው። ጉዝጓዙን አውጥታችሁ ወለሉን ለሐዋሳ ፀሐይ ብትሰጡት ከውድ ኬሚካል የበለጠ ይሠራል። ኔብራስካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ያልወለዱትን ላሞች በየሳምንቱ ወደ አዲስ መስክ እያዘዋወሩ፣ ትልልቆቹ ጥጆች ለአዲሶቹ በሽታ እንዳያወርሱ የሚያደርግ አሠራር አስተዋውቀዋል። በእኛ ጠባብ ግቢ መስክ የለም። ሐሳቡ ግን ይሠራል፦ የሦስት ቀን ጥጃ ከሦስት ሳምንት ጥጃ ጋር አንድ ጋጥ ውስጥ አትታሰር፤ ስታጠቡም ከትንሿ ጀምራችሁ ወደ ትልቋ፣ የታመመችዋን በመጨረሻ።

የታመመችውን ጥጃ በጡጦ የሚያጠጣት ብዙውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው፤ የሚወዳትም እሱ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየምና ሳልሞኔላ ከጥጃ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጡጦውን ትልቅ ሰው ይያዝለት። ልጁ «እኔ ካላጠጣኋት አይሆንልኝም» ካለ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይንካ፤ የአልኮል ማጽጃ ለክሪፕቶስፖሪዲየም አይበቃም። የጥጃዋ ጡጦ ከቤት ዕቃ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። ታቦር ያለችው ጥጃ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ እናቷን ስትፈልግ አያለሁ ብዬ ሄጄ፣ የቤቱ እመቤት ለበሩ ቅርብ በሆነ ቦታ አንድ ባልዲ ውሃና ሳሙና አስቀምጠው አገኘኋቸው።